መኪና እያቆመ ነው

ለውድ አባቢ፤ አድራሻ ስላልተውክልን እንዲሁ በስምህ ብቻ የተጻፈ።

ሰላምታው ይቆየኝና አስቀድሜ ኑዛዜ አለብኝ። እኔ ሶስና መስፍን፣ አእምሮዬ በቦታው እያለ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በግራዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ በቀኜ የሽማግሌው ባለቤት ተቀምጠው ሳለ ዋሽቻለሁ። ጉልበትሽ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው ብለው ቢጠይቁኝ «የታሪክ የቤት ሥራ ነው» አልኩ። ሽማግሌው ጋሼ በቀለ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በርቶ ወደ እማዬ ዞሩ። «አየሽ ገነት? ምግብ ቤት ተቀምጣ እንኳ ትማራለች! የእኛዎቹ በዚህ ዕድሜያቸው...» ብለው ጀመሩና የልጆቻቸው ነገር ትዝ ሲላቸው ተዉት። እትዬ ውባለም ደግሞ «ተባረኪ የኔ ልጅ» ብለው ራሴን ዳሰሱኝ። ከያዕቆብ ቀጥሎ ዋሽቶ የተባረከ ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። እማዬ ግን ወረቀቱንም እኔንም አየት አደረገች።

አሁን ሰላምታው። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። እንዴት ከረምክ አልልህም፤ ጋሼ በቀለ እንደሚሉት ከሆነ ያለህበት ቦታ እዚህ አውስትራሊያ ካለው ሰፈራችን ከዋይንድሃም ቬል በሁሉም ነገር ይሻላል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ፣ መወዳደሪያው ከባድ አይደለምና። እኛ ደህና ነን። በአማርኛ የምጽፍልህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ብጽፍ እንደማታነበው ስለማውቅ ነው። ትምህርት ቤት ቆሜ በእንግሊዝኛ «አባዬ ና ውሰደኝ» ብዬ ቴክስት ሳደርግልህ «ይቅርታ፣ የተሳሳተ ቁጥር ነው የደወሉት» ብለህ በአማርኛ የምትመልስ ሰው ነበርክ። ዝናብ ላይ ቆሜ «ጸ» የትኛው ነው «ፀ» የትኛው እያልኩ የፈለግኩበትን ቀን መቼም አልረሳውም። ፊደል ያስተማረኝ ዝናብ ነው።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከጓሮአችን ጀርባ የነበረው፣ ማታ ማታ ካንጋሮ የሚመጣበት ሜዳ የለም። ቤት በቤት ሆኗል። አጥሩ አጭር ስለሆነ የአዲሶቹን ጎረቤቶቻችንን ቴሌቪዥን ከኩሽናችን ሆነን እናያለን፤ ድምፁ ስለማይሰማ እማዬ ወሬውን ከራሷ ትፈጥርለታለች። የተከልከው የሎሚ ዛፍ ሁለተኛ ክረምቱን አለፈ፤ ሎሚ ግን እስካሁን አላፈራም፣ እሾህ ብቻ። እማዬ አረጋውያን የምትጦርበት ኤጅድ ኬር ውስጥ ከናይት ሺፍት ወደ ጠዋት ዞራለች። እንዳትደነግጥ እንጂ ፍሪዌይ ላይም ትነዳለች! አንተ እያለህ «እኔ በውስጥ ለውስጥ ነው የምሄደው» ትል የነበረችው እማዬ። መሪውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከግራው፣ ከቀርፋፋዎቹ መስመር ንቅንቅ ሳትል ትሄዳለች። ካሚዮን ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፋት «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?» ትላለች። ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ከኋላዋ ነው የከረመው።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ቤት ውስጥ ስምህ አይነሳም።

ለቅሶ ቤት የመጡ ጊዜ ጋሼ በቀለ እማዬን መከሯት፤ «ዕቃውን ከዓይንሽ አርቂው፣ ሐዘን ይቀሰቅሳል» ብለው። እማዬም ምክር ሰሚ ናት። የሥራ ቦት ጫማህ፣ ክሬጊበርን መጋዘን ውስጥ የምትለብሰው ያ ቢጫ ጃኬት፣ የመላጫ ዕቃህ፣ ሁሉም በካርቶን ሆኖ ጋራዥ ገባ። ስምህም አብሮ የገባ ይመስላል። ሰው ሲደውል እማዬ «እንግዲህ»፣ «ጌታ ያውቃል»፣ «አለን» ትላለች እንጂ ሞተ የሚለውን ቃል አትናገርም። አንድም ቀን ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። ለስልክ ኩባንያው የነገርኩት እኔ ነኝ። ለካውንስሉ፣ ለሰፈሩ ማዘጋጃ ቤት፣ እኔ። ጥርስ ሐኪምህ «ቀጠሮ አለህ» ብሎ ሲደውል እማዬ ስልኩን እንደ ጋለ ድስት ይዛ ሰጠችኝና እኔው ድምፄን አወፍሬ አረዳሁት። ሰውየው በጣም አዘነ። ጥርስህን ይወደው ነበር መሰለኝ።

እኔ ይህን እንደ ትልቅ ነገር አላየሁትም ነበር። ሰው የማይወደውን ቃል ባይናገር ምን አለበት? ጋሼ በቀለም «ዋይፋይ» የሚለውን ቃል መናገር አይወዱም። ግን ከከረመ በኋላ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። እማዬ ሞተ አትልም፤ መስፍንም አትልም። «መስፍን እንዲህ ብሎ ነበር» ካለች ቀጥሎ ያንን ሌላውን ቃል ማለት ስላለባት ይሆናል። ስለዚህ ቀልድህም፣ ጭቅጭቅህም፣ ሁሉም አብሮ ጋራዥ ቀረ። እኔ ብቻዬን ሳስታውስህ አንዳንዴ ከራሴ የፈጠርኩህ ይመስለኛል። ለምሳሌ ቁርስ ስትበላ ታዜም ነበር ወይስ ታንጎራጉር ነበር? የምጠይቀው ሰው የለም።

ዛሬ እንግዲህ ዓመትህ ነው። ተዝካር የለም፤ ይህን ጋሼ በቀለ በግልጽ አስረድተዋል፣ እኛ የጸሎት ፕሮግራም ነው ያለን። ሰው መጣ፣ ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ሳምቡሳ ተበላ፣ ሰው ሄደ። «ገነትን ብቻዋን አንተዋትም» ብለው የቀሩት ጋሼ በቀለና እትዬ ውባለም ናቸው። ሶፋው ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። በየመሐሉ እትዬ ውባለም «እህ...» ይላሉ፣ ጋሼ በቀለ «እንግዲህ...» ይላሉ። ጋሼ ስለ መጽናናት ሌላ ስብከት ለመጀመር ጉሮሮአቸውን ሲጠርጉ እማዬ ድንገት ብድግ አለችና «ሜክሲኮዎቹ ጋ እንሂድ» አለች።

ጋሼ በቀለ «ሜክሲኮ?» አሉ። ለሳቸው ሜክሲኮ ማለት ታክሲ ይዘህ የምትወርድበት አደባባይ ነው። «ምግብ ቤት ነው ጋሼ፣ ዌስት ፉትስክሬይ» አልኳቸው። እትዬ ውባለም የእማዬን ፊት አዩና ነጠላቸውን አነሱ።

ቤቱን አንተ ነህ ያገኘኸው። ፉትስክሬይ ሽሮና በርበሬ ልንገዛ ሄደን ስንመለስ፣ የሆነ ሽታ ጠልፎህ መኪናውን ቀጥ አደረግክ። ገባን፤ አንድ ታኮ፣ ያንን በስስ ቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ጎረስክ፤ ከዚያም ፍርድ ሰጠህ። «ይሄ ሕዝብ ዘመዳችን ነው። በእጁ ይበላል፣ ቃሪያ ይወዳል፣ ሰው ሲመጣበት ወንበር ይጨምራል።» ቂጣዋን፣ ቶርቲያዋን፣ ወደ መብራቱ አንሥተህ አየሃትና «እንጀራ አይደለችም፣ የእንጀራ ልጅ ናት» አልክ። እማዬ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ እዚያው ሆነ፤ ቀልዱም እንዲሁ በየወሩ ሆነ። እማዬ በየወሩ ትስቅ ነበር። እሱ ነው የሚገርመኝ።

ሥርዓቱ ትዝ ይልሃል? አንተ በሩ ላይ ታወርደንና «እናንተ ግቡ፣ እኔ አቁሜ መጣሁ» ትላለህ። ከዚያ ትጠፋለህ። ባዶ ቦታ እያየህ ታልፋለህ፤ የተሻለ ቦታ ሁልጊዜ ቀጣዩ መንገድ ላይ አለ ብለህ ታምናለህና። እኛ ተቀምጠን፣ አዝዘን፣ የቀረበውን ቺፕስ ጨርሰን፣ እማዬ በሩን እያየች «ይሄ ሰውዬ ጂሎንግ ከተማ ሄዶ ነው እንዴ የሚያቆመው?» ስትል፣ ላብ በላብ ሆነህ ጦርነት ድል እንዳደረገ ሰው ትገባለህ። «ምን የመሰለች ቦታ አገኘሁ መሰላችሁ!» ቦታዋ ስንወጣ የምናያት ነገር ናት፤ ሁልጊዜ ከምግብ ቤቱ ይልቅ ለቤታችን ትቀርባለች።

ደግሞ ያቺ ብልቃጥ። የሜክሲኮዎቹ ቃሪያ ስም እንጂ ጥርስ የለውም ብለህ ስላመንክ፣ ባለቀ የቪታሚን ብልቃጥ ውስጥ ሚጥሚጣ ሞልተህ በኪስህ ትይዛለህ። ቪታሚን የሚለው ወረቀት እንደተለጠፈበት ነው። ምግብ በመጣ ቁጥር ግራ ቀኝ ታይና፣ መዳፍህ ላይ ነካ ነካ ታደርግና፣ ታኮው ላይ ትነሰንሳለህ። ከዚያ እንባህ ይወርዳል፤ ከዚያ «እንዲህ ነው!» ትላለህ። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት ሮሳ ራሷ መጣችና ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችህ፤ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር መድኃኒት ስትወስድ አይሃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ ታለቅሳለህ፣ ሕመሙ ያን ያህል ከባድ ነው ወይ? አንተ አፍህ ሞልቶ፣ እንባህ እየፈሰሰ፣ አይደለም ለማለት እጅህን ስታወዛውዝ ይበልጥ የምትሞት መሰልክ። እማዬ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። በመጨረሻ ትንሽ ሮሳ መዳፍ ላይ አደረግክላት። ላሰችው። የአንተን ውኃ ጠጣች፣ የእማዬን ጠጣች፣ የእኔን ጠጣች፤ ከዚያ ኩሽና ገብታ ምግብ አብሳዩን እየጎተተች አመጣችው፤ እሱም ይቅመስ ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና ስንገባ ትንሽ ነጭ ሳህን ታመጣለች። «ለመድኃኒቱ» ትላለች።

የሚያስቀው፣ እውነትም ታመህ ነበር። ልብህ። ለእሷ ግን ምንም መድኃኒት አልወሰድክላትም።

ብልቃጧን ከሞትክ በኋላ ፈልጌአታለሁ። ጋራዥ ያለውን ካርቶን ሁሉ አገላብጬ፣ የኩሽናውን ቁም ሣጥን አራግፌ አጣኋት። እማዬ ጥላዋለች ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ። ምክር ሰሚ ናት ብዬህ የለ።

ወደ ዛሬው ልመለስ። እማዬ በግራው መስመር እየተሳበች አደረሰችን። በሩ ፊት ለፊት አንድ ባዶ ቦታ ነበረ፤ ገጭ አድርጋ አቆመች። እንዲህም ይቻላል ለካ ብዬ ሳልጨርስ ወደ ውስጥ ገባን። ስንገባ ደግሞ ነገር ገጠመን። ሜክሲኮዎቹ በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ሙታኖቻቸውን ያስታውሳሉ፤ ጥግ ላይ ብርቱካናማ አበባ የሞላበት ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ፎቶዎች፣ ሻማዎች፣ ዳቦ፣ አንድ ሰውዬ ፊት ደግሞ የቢራ ጠርሙስና የእግር ኳስ ሹራብ። አጠገቡ በእንግሊዝኛ እንዲህ የሚል ተጽፏል፤ የእናንተም ሰው ካለ ፎቶውን ይዛችሁ ኑ፣ ፎቶ ባይኖራችሁ ደብዳቤ ጻፉለት። እኔ አነበብኩት። እማዬም ከኋላዬ ቆማ ነበር።

ጋሼ በቀለ «ምንድን ነው ይሄ?» አሉ። እኔ የዚህ ቤተሰብ ኦፊሻል አስተርጓሚ ስለሆንኩ «የቤቱ ሰዎች የቤተሰብ ፎቶ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ይሄ ሁለተኛ ውሸት አይደለም፤ አሳጥሮ መተርጎም ነው። እትዬ ውባለም «ቤተሰባቸውን ይወዳሉ ማለት ነው፣ ደስ ይላል» ብለው ጠጋ አሉና ከስኳር የተሠራ የራስ ቅል ዓይን ለዓይን አዩ። «በኢየሱስ ስም!» ቤቱ ሁሉ ዞረ። ጋሼ በቀለ ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ከሙታን ጋር መነጋገር በቃሉ የተከለከለ መሆኑን በሹክሹክታ፣ ማለትም መንገድ ማዶ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ አስረዱን። ከዚያ ተቀመጡ። ግን የተቀመጡት ከመጠጥ መደርደሪያው ትይዩ ነው። ያን ሁሉ ጠርሙስ ሲያዩ ወንበራቸውን አዞሩ፤ ሲያዞሩ የሙታኑ ጠረጴዛ ፊት ለፊት መጣባቸው። ከመጠጡና ከሙታኑ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። በመጨረሻ በጎን ተቀመጡ። ይህን ስጽፍልህ አሁንም አንገታቸው እንደተጣመመ ነው።

ሮሳ ከኩሽና ወጣች።

አባቢ፣ ሮሳ አታውቅም። ማን ይነግራታል? ለጥርስ ሐኪሙ ስነግር ለሮሳ መንገር እንዳለብኝ አላሰብኩም። ከሩቅ እማዬን አየቻትና ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች፤ የት ጠፋችሁ፣ ስንት ጊዜ ሆናችሁ፣ ልጅቷ እንዴት አድጋለች። ነጯን ሳህን ይዛለች። ባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠቻት። ከዚያ አካባቢውን ቃኘችና «እሱስ?» አለች፣ እየሳቀች፣ በሩን እያየች።

እኔ ድምፄን ማወፈር ጀምሬ ነበር። ሥራዬ ነው። እማዬ ግን ቀደመችኝ።

«ሂ ኢዝ ፓርኪንግ» አለች።

መኪና እያቆመ ነው።

እንዲህ አለች፤ በዓመትህ፣ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ፊት። እኔ እትዬ ውባለምን አየሁ፤ እትዬ ውባለም ጋሼ በቀለን አዩ። ጋሼ በቀለ፣ ሐሰት ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ፣ የጨዋታ ካርታ እንኳ የማይነኩ ሰውዬ፣ አንገታቸውን ወደ ሮሳ አዞሩና በዚያ በሚኮሩበት እንግሊዝኛቸው «ፓርኪንግ፣ ቬሪ ዲፊከልት ሂር» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ወረቀቴን ያወጣሁት።

ስለዚህ አሁን በይፋ መኪና እያቆምክ ነው። ብዙ ቆይተሃል፣ ግን አንተን ለሚያውቅ ሰው አያስገርምም። እኛ ምግብ አዘናል። ሮሳ ማንም ሳይነግራት የአንተንም አዘዘች፤ ያንን ከሽንኩርትና ከሎሚ ጋር የሚመጣውን የበሬ ሥጋ ታኮህን። ሳህኑ ባዶ ወንበርህ ፊት ተቀምጧል፣ እንፋሎቱ ይወጣል። ማንም አያየውም። ሁላችንም ላለማየት በምናደርገው ጥረት ሌላ ነገር ማየት አቅቶናል።

እስክትመጣ ያመለጠህን ልንገርህ። ፋሂታው፣ የሥጋ ጥብሱ፣ በጋለ ብረት ላይ እየተንጫጫ ሲመጣ አስተናጋጁ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ ሲል ጋሼ በቀለ «እንጸልይ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልጁ ብረቱን በጨርቅ እንደያዘ ቆመ። ጋሼ ስለ ምግቡ አመሰገኑ፣ ስለ አገራችን ጸለዩ፣ ስለ አውስትራሊያ መንግሥት ጸለዩ፣ ስለ መንገደኞች ጸለዩ። ፋሂታው መጀመሪያ ይጮህ ነበር፣ ከዚያ ያጉረመርም ጀመር፣ አሜን ሲባል ዝም ብሏል። ልጁ ግን ጎበዝ ነው፤ እሱም አሜን አለ።

ጓካሞሌው ሲመጣ ደግሞ እትዬ ውባለም «ውይ አቮካዶ!» ብለው ደስ አላቸው። ማንኪያ ጠየቁ። ቀጥለው ስኳር ጠየቁ። እኔ መከልከል እችል ነበር፤ አልከለከልኩም፤ ይሄም ኑዛዜው ውስጥ ይግባልኝ። ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረው፣ አማስለው፣ ቀመሱት። ሽንኩርቱ ሲያጋጥማቸው ፊታቸው የሄደበትን መንገድ ልነግርህ አልችልም፤ ግን ባለሙያ ሴት ናቸው፣ ዋጡት። «ጁሱን ማን ነው ሽንኩርት በቆረጠበት ቢላ የሠራው?» አሉ። አንተ ብትኖር ከጠረጴዛው ሥር ትገባ ነበር። እማዬ ትንሽ ፈገግ ልትል ነበረ፤ አየኋት። ከንፈሯ ተነሣና፣ ዓይኗ ወደ አንተ ሳህን ሄደና፣ ተመልሶ ወረደ።

ሮሳ ሁለቴ ተመላልሳለች። መጀመሪያ «እስካሁን?» ብላ ሳቀች። ሁለተኛ ጊዜ ታኮህን አየችና እንዳይቀዘቅዝ መልሳ ታሙቀው እንደሆነ ጠየቀች። እማዬ «ይቆይ» አለች። በዚህኛው ጊዜ ሮሳ ስትሄድ ወደ ኋላ ዞር ብላ አየችን፣ አልሳቀችም። ነገር የሚገባት ሴት ናት።

እትዬ ውባለም እጃቸውን በእማዬ እጅ ላይ አድርገው «ገነትዬ፣ የኔ ልጅ...» አሉ። እማዬ «አውቃለሁ እትዬ» አለች።

እኔ ዕቅድ ነበረኝ። ይህን ጽፌ ጨርሼ ሽንት ቤት እንደሚሄድ ሰው እነሣና፣ በሙታኑ ጠረጴዛ በኩል አልፍና፣ ከአበባው ሥር ሸጉጬው እመለሳለሁ ብዬ። ማንም አያውቅም። አሁን ግን እያሰብኩ ነው። ደብዳቤውን እዚያ ካስቀመጥኩ የሞትከውን አንተን ነው ያስቀመጥኩት፤ እማዬ ደግሞ መኪና የሚያቆመውን አንተን ይዛ ተቀምጣለች። ሁለታችን በአንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሁለት አባት ይዘን እንዴት ነው የምንወጣው? ሂሳብ ከፍለን ስንነሣ ሮሳ በር ላይ ቆማ ብትጠይቅስ? እማዬ ምን ልትል ነው፤ አሁንም እያቆመ ነው? በሚቀጥለው ወርስ? እኔ ልነግራት እችላለሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ። ግን ለስልክ ኩባንያው እንደነገርኩት ለሮሳ መንገር አልፈልግም። በእማዬ ፈንታ ሌላ ሰው ከነገረማ ዕድሜ ልኳን በሩን እያየች ልትኖር ነው።

አስታውስሃለሁ ብዬ ቃል መግባት አለብኝ መሰለኝ፤ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያልቅ እንደዚያ ይደረጋል። አንተ ደግሞ ትልልቅ ቃል አትወድም። ስለዚህ ትንሽ ቃል ልግባልህ። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ፣ ፊት ለፊቴ ምን የመሰለ ባዶ ቦታ ባይ፣ አልፈዋለሁ። አንድ መንገድ ለአንተ እዞራለሁ። አብሮኝ ያለው ሰው «አብደሻል እንዴ፣ እዚያ ነበር እኮ!» ሲለኝ «የተሻለ አለ» እለዋለሁ። ከዚያ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርክ እነግረዋለሁ፤ ስለ እንባህም፣ ስለ ብልቃጧም፣ ስለ እንጀራ ልጅቷም። ቀልዱ ባያስቀውም እደግመዋለሁ፣ በየወሩ።

ቆይ።

እማዬ ተነሣች። ቦርሳዋንም ይዛለች። ልንሄድ ነው እንዴ? አይደለም፣ ወደ በሩ አይደለም የምትሄደው። የአንተን ነጭ ሳህን አንሥታለች። እትዬ ውባለም ተከትለው ሊነሡ ሲሉ ጋሼ በቀለ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና «ተያት፣ ውባለም» አሏቸው።

ሮሳ ቆማለች፣ ጥጉ ጋ። እማዬ ቦርሳዋን ከፍታ እያገላበጠች ነው። ቁልፍ አወጣች፣ መለሰች። አባቢ፣ ብልቃጧ! የቪታሚኗ ብልቃጥ! ዓመት ሙሉ ቦርሳዋ ውስጥ ነበረች፤ እኔ ጋራዥ ስበረብር፣ ኩሽና ስበረብር፣ እሷ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላት ኤጅድ ኬር ስትመላለስ ነበር። አሁን ሳህኗ ላይ ነካ ነካ እያደረገች ነው፣ ልክ እንዳንተ፣ ግን ግራ ቀኝ አላየችም። ሳህኗን አበባው መካከል አስቀመጠች። ሌላም ነገር አወጣች፤ ከዚህ ሆኜ ሳየው ትንሽ ፎቶ ነው፣ ለፓስፖርት የተነሣኸው መሰለኝ፣ ያ ፖሊስ የሚፈልግህ የምትመስልበት።

ለሮሳ እየተናገረች ነው። ሙዚቃው ጮኾ ምን እንደምትል አይሰማኝም፤ ከንፈሯን ግን አያለሁ። አጭር ነው የተናገረችው። ሮሳ አፏን በእጇ ያዘች። አሁን ተቃቅፈዋል። ጋሼ በቀለ አንገታቸውን አቅንተው ወደ እነሱ ሙሉ በሙሉ ዞረዋል፤ ሙታኑንም ጠርሙሱንም ረስተውታል።

እማዬ ዓይኗን ጠረገች። ወደ እኛ ዞረች። ወደ እኔ። ወረቀቱን ልደብቅ ብል ቦታ የለኝም፤ ያ ቅድም ወረቀቱንም እኔንም ያየችበት አስተያየቷ...

«ሶስና!» አለች፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማ። «ያንን የቤት ሥራሽን ይዘሽ ነይ።»